መሣሪያው ዝም ሲል ሰማዩ ባዶ ነውን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ከጅማ አንዲት እናት፣ ሞተር አልባ አውሮፕላኖች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ስለሚያስጠነቅቅ መሣሪያ የጻፉት ደብዳቤ እንደደረሰንና መልሱ ሰፋ ያለ በመሆኑ ለዚህ ዕትም እንዳቆየነው በአጭሩ ገልጸን ነበር። ያንን ያነበቡ ሌሎች ሦስት የጅማ ነዋሪዎችም በዚያው ጉዳይ ላይ ጥያቄያቸውን ልከውልናል። በጅማ ሰማይ ላይ ሞተር አልባ አውሮፕላን ሲንሳፈፍ አይቼ ባላውቅም፣ የከተማዋ ሰው ለነገሩ ይህን ያህል መጓጓቱ አስደስቶኛል፤ ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለአራቱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ጀርመን ሀገር ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዓመት ወዲህ ደግሞ ግላይደር የሚባለውን ሞተር የሌለው አውሮፕላን ማብረር እየተማረ ነው። ሞተር የለውም ሲለኝ የደነገጥኩት ሳያንስ፣ ብዙ ሆነው በአንድ ቦታ እየተዟዟሩ ወደ ላይ ሲወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። «እርስ በርስ እንዳንጋጭ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለን፤ እማዬ፣ አትስጊ» ይለኛል። መሣሪያው ካለ እውነት መስጋት የለብኝም?
— አንዲት እናት፣ ሒርማታ፣ ጅማ

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ አልዋሸዎትም፤ የነገረዎት ግን የእውነቱን ግማሽ ነው። መሣሪያው አለ፣ ይሠራል፣ ጠቃሚም ነው። «አትስጊ» የምትለዋ ቃል ግን የልጅዎ እንጂ የመሣሪያው አይደለችም፤ መሣሪያውን የሚያመርቱት ሰዎች ራሳቸው ለአብራሪው ረዳት እንጂ በዓይኑ ምትክ የሚቆም እንዳልሆነ በመመሪያቸው ላይ ጽፈዋል።

አስቀድሜ የሞተሩን ስጋት ላቅልልዎት። ግላይደር በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ወይም መሬት ላይ ባለ ማሽን በገመድ ተስቦ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ሽቅብ የሚወጣውን አየር እየፈለገ ከፍታ ይጨምራል። ዘመናዊው ግላይደር አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለው፣ ረጋ ባለ አየር 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ እየተንሸራተተ መሄድ ይችላል። ስለዚህ ሞተር ስለሌለው ብቻ እንደ ድንጋይ አይወድቅም። በቪዲዮው ላይ ያዩት መዟዟር ግን በእርግጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ነው፤ ሽቅብ የሚወጣው አየር ጠባብ ስለሆነ፣ ያንን አየር የፈለገ ሁሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይሰበሰባል።

መሣሪያው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የሰው ዓይን የት ላይ እንደሚደክም ማወቅ ይገባል። አንድ ቀን ከመርካቶ በባጃጅ ሲመለሱ ከጎን መንገድ የሚመጣ ሌላ ባጃጅ ያስተውሉ። በመስኮቱ ውስጥ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ ከታየዎት ቀድሟችሁ ወይም ከኋላችሁ ያልፋል። በመስኮቱ ያው ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሳይንቀሳቀስ እየተለቀ ከመጣ ግን የምትጋጩት ከእርሱ ጋር ነው። በሰማይም ያው ነው፤ ሊጋጭ የሚመጣው አውሮፕላን በመስታወቱ ላይ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው። ዓይናችን ደግሞ የተፈጠረው የሚንቀሳቀሰውን ለመያዝ ነውና፣ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋውን ከሁሉ ዘግይቶ ያየዋል። በዚህ ላይ ዘመናዊ ግላይደሮች የተሠሩበት ቁስ ፀሐይ ሲያግለው ጥንካሬው ስለሚቀንስ አብዛኛዎቹ ነጭ ይቀባሉ፤ ነጭ ነገር ከነጭ ደመና ፊት ምን ያህል እንደሚታይ እርስዎም ይገምቱታል።

የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች በሚሰጠው ምክር ውስጥ ይህን ጉዳይ በሰከንድ ከፋፍሎታል። ነገሩን ለማየት 0.1 ሰከንድ፣ አውሮፕላን መሆኑን ለመለየት 1 ሰከንድ፣ ወደ ግጭት እየመጣ መሆኑን ለመረዳት 5 ሰከንድ፣ ወዴት እንደሚታጠፉ ለመወሰን 4 ሰከንድ፣ እጅና እግር እስኪታዘዙ 0.4 ሰከንድ፣ አውሮፕላኑ ራሱ መታጠፍ እስኪጀምር 2 ሰከንድ፤ በድምሩ 12.5 ሰከንድ። ሁለት ግላይደሮች እያንዳንዳቸው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢመጡ በ12.5 ሰከንድ ውስጥ 700 ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። ስለዚህ አብራሪው ሌላውን ከ700 ሜትር በፊት ማየት ነበረበት ማለት ነው። በዚያ ርቀት ላይ ከፊት የሚታየው ቀጭን አካል፣ 30 ሜትር ርቆ የተቀመጠ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ነው።

መሣሪያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በግላይደር ዓለም በስፋት የሚታወቀው ፍላርም የሚባለው ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ ተጠንስሶ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አሠራሩን ለመረዳት ምህንድስና አያስፈልግም። እያንዳንዱ መሣሪያ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት በጂፒኤስ ይቀበላል፣ ከፍታውን ከአየር ግፊት ይለካል፣ በሚቀጥሉት ሰከንዶች የት እንደሚደርስ ያሰላል፤ ያንንም በየሰከንዱ ገደማ በአነስተኛ ሬዲዮ ያውጃል። በአካባቢው ያሉ ሌሎች መሣሪያዎች ይሰሙትና ከራሳቸው መንገድ ጋር ያመሳክሩታል። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙ ከሆነ ግጭቱ ሊደርስ 20 ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሲቀር ይጮኻል፣ በየትኛው አቅጣጫ መመልከት እንደሚገባም በመብራት ያሳያል፤ ጊዜው ባጠረ ቁጥር ጩኸቱ ይፈጥናል። እንግዲህ ቀደም ሲል ከቆጠርናቸው ሰከንዶች መካከል የማየቱንና የመረዳቱን ድርሻ ያቃልላል ማለት ነው። ከኋላ፣ ከሆድ በታች፣ ከፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚመጣውንም ይጨምራል፤ በእነዚህ ቦታዎች የሰው ዓይን ቢተጋም አያይም። ልጅዎ በተራራማ አካባቢ የሚበር ከሆነ ደግሞ በሸለቆዎች ላይ የተዘረጉ ሽቦዎችና ምሰሶዎች ቀድመው በመሣሪያው ውስጥ ከተመዘገቡ ስለ እነርሱም ያስጠነቅቃል። ሽቦ ከአየር ላይ ሲታይ ከሌላ አውሮፕላን ይልቅ የሚሰወር ጠላት ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ግማሽ እንምጣ። መሣሪያው የሚሰማው የሚናገረውን ብቻ ነው። እርሱን ያልጫነ አውሮፕላን፣ ባትሪው ያለቀበት ባልንጀራ፣ ሬዲዮው የተበላሸ ግላይደር፣ እነዚህ ሁሉ ለመሣሪያው የሉም። ስለዚህ ሲጮህ የሚነግረን ብዙ ነገር ነው፤ ዝም ሲል ግን የነገረን አንዳች ነገር የለም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ዝምታ «ሰማዩ ባዶ ነው» ብሎ ከመተርጎም ይመስለኛል። ልጅዎ «አትስጊ» ሲልዎት ያደረገውም በየዋህነት ይህንኑ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልንገርዎት፤ ማንም ስላልሞተበት ሳልሳቀቅ እነግርዎታለሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2006 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ከሬኖ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ፣ አንድ ሆከር 800 የተባለ የግል ጄት ከአንድ ግላይደር ጋር በ16,000 ጫማ ወይም በ4,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተጋጨ። በግላይደሩ ላይ ትራንስፖንደር፣ ማለትም ለራዳርና ለሌሎች አውሮፕላኖች «እዚህ ነኝ» ብሎ የሚመልስ ሬዲዮ፣ ተገጥሞ ነበር፤ አብራሪው ግን ባትሪ ለመቆጠብ አጥፍቶት ነበር። ግላይደሩ ተሰባብሮ ሲወድቅ አብራሪው በጃንጥላ ወረደ፤ ጄቱም አፍንጫው ተጎድቶ፣ ጎማውን ሳያወጣ በሆዱ አረፈ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ግላይደሮችን ከትራንስፖንደር ግዴታ ነጻ የሚያደርገው ደንብ እንዲነሣ ሐሳብ አቅርቧል። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን መሣሪያው እያለ መጥፋቱ ነው። ግላይደር ሞተር ስለሌለው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭለት የለም፤ ለሰዓታት የሚበረው በአንዲት ባትሪ ነው። ሬዲዮው፣ መለኪያዎቹ፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ከዚያችው ይቀዳሉ፤ ባትሪው ሲደክም ከእነዚህ አንዱን የሚያጠፋው ደግሞ ሰው ነው።

ሌላው ችግር የጆሮ መልመድ ነው። ብዙ ግላይደሮች በአንድ ሞቃት አየር ውስጥ ሲዞሩ መሣሪያው ደጋግሞ ሊጮህ ይችላል፤ ከጩኸቶቹም አብዛኞቹ አብራሪው አስቀድሞ ስላያቸው ጎረቤቶቹ ናቸው። በጅማ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሌሊቱን ሲወርድ እኛ ሳንሰማው እንደምናድር፣ የአብራሪውም ጆሮ ጩኸቱን ይለምደዋል። ያን ጊዜ አዲስና ያልታየ እንግዳ መጥቶ ቢጮህ ከነባሮቹ ጋር ተደባልቆ ሊያልፍ ይችላል። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ አንዳንዱ አብራሪ በተለይ ጀማሪው ዓይኑን ከውጭ ነቅሎ ማያ ገጹ ላይ ያሉትን ነጥቦች ሲቆጥር ይውላል። በጎዳናችን ላይ ስልኩን እያየ የሚነዳውን ሾፌር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እንግዲህ «ልስጋ ወይስ ልተው?» ላሉት፣ መሣሪያው ባለበት ግላይደር መብረሩ ከሌለበት እንደሚሻል አልጠራጠርም፤ ሙሉ በሙሉ ይተው ግን አልልዎትም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል «መሣሪያ አላችሁ ወይ?» ከማለት ይልቅ ሌላ ነገር ይጠይቁት። በክለቡ ያሉት ግላይደሮች ሁሉ አላቸው ወይስ የአንዳንዶቹ ብቻ ነው? ጎታቹ አውሮፕላንስ አለው? የመሣሪያው ሶፍትዌር የታደሰው መቼ ነው? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ያልታደሰ መሣሪያ ከታደሱት ጋር በአግባቡ ላይነጋገር ይችላል። አስተማሪው ከኋላ ተቀምጦ መሣሪያው ሳይጮህ በፊት ያየውን አውሮፕላን ሁሉ በቃሉ እንዲናገር ያደርገዋል ወይ? ለዚህኛው «አዎ» ካለዎት ጥሩ እጅ ላይ ወድቋል ማለት ነው። በሚበርበት ጊዜ ጃንጥላ በጀርባው እንደሚታጠቅም ያረጋግጡ፤ በግላይደር ዘንድ የተለመደ ነው።

አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ልጨምርልዎት። መሣሪያው የሚያውጀውን ድምፅ ከመሬት ላይ የሚሰበስቡ በጎ ፈቃደኞች በአውሮፓና በሌሎች ስፍራዎች ጣቢያ ተክለዋል፤ ስሙ ኦፕን ግላይደር ኔትወርክ ይባላል። አንድ ግላይደር ቢጠፋ መጨረሻ የተሰማበት ቦታ ለፈላጊዎች ትልቅ መነሻ ይሆናል። ልጅዎ ፈቃደኛ ከሆነም እርስዎ ሒርማታ ተቀምጠው በስልክዎ የት እንዳለ ማየት ይችላሉ። ነጥቡ በድንገት ቢጠፋብዎት ግን ሸለቆ ሸፍኖት ሊሆን ይችላልና ወዲያው ለቅሶ አይቀመጡ።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ቲካስ የሚባል የግጭት መከላከያ መሣሪያ አላቸው፤ «ውጣ»፣ «ውረድ» ብሎ ያዛል። ግላይደሮች ለምን እርሱን አይጠቀሙም? ደግሞስ የጂፒኤስ ሞጁልና አነስተኛ ሬዲዮ ርካሽ ስለሆኑ እኛ በቤተ ሙከራችን እንዲህ ያለ መሣሪያ መሥራት አንችልም?
— የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጅማ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱ መሣሪያዎች ዓላማቸው ቢቀራረብም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ቲካስ ጠያቂ ነው፤ በ1030 ሜጋኸርዝ ጥያቄ ይልካል፣ የሌላው አውሮፕላን ትራንስፖንደር በ1090 ሜጋኸርዝ ይመልስለታል፣ መልሱ ከወሰደው ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። ይህ ሁሉ ኃይል፣ ክብደትና ገንዘብ ይጠይቃል። ፍላርም ግን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ የሚናገር ነው፤ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ በሚሠራበት የ868 ሜጋኸርዝ አካባቢ በትንሽ ኃይል ያውጃል። ለዚያ ነው ከአንዲት ባትሪ ጋር ቀኑን ሙሉ መዋል የሚችለው፤ የሚሰማበት ርቀት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች የተወሰነው ደግሞ በዚያው ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን በስሌቱ ላይ ነው። ቲካስ የታሰበው ቀጥ ብለው ለሚሄዱ፣ ተራርቀው መብረር ለሚገባቸው አውሮፕላኖች ነው። ሁለት ግላይደሮች ግን በአንድ ሞቃት አየር ውስጥ፣ ስፋቱ 150 ሜትር በሚሆን ክብ ላይ፣ አንዱ በአንድ ጎን ሌላው በማዶ ሆነው፣ በየ20 ሰከንዱ ገደማ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። የእያንዳንዳቸውን መንገድ በቀጥታ መስመር ብታስቀጥለው ደጋግመው የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ቲካስ ቢሆን ጩኸቱን አያቋርጥም ነበር። ፍላርም ግን መዞራቸውን አውቆ መንገዱን በክብ ያስቀጥለዋል፤ ስለዚህ በሥርዓት አብረው የሚዞሩትን በአብዛኛው አይረብሽም። ጉድለቱም የሚመጣው ከዚሁ ብልሃት ነው። አንዱ አብራሪ ዙሩን አቋርጦ በድንገት ወደ ውስጥ ቢታጠፍ፣ ከሰከንድ በፊት ትክክል የነበረው ትንበያ ከንቱ ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። የሰውን ሐሳብ የሚተነብይ ቀመር የለም።

ትእዛዝ ስለ መስጠት ያነሣኸው ጥያቄ ጥሩ ነው። ቲካስ «ውጣ» ሲል አውሮፕላኑ ሞተር ስላለው ይወጣል፤ ግላይደር ግን «ውጣ» ቢባል በምን ይወጣል? ፍጥነት ካለው ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ይላል፤ ከሌለው ሽባ ይሆናል። በተራራ ጎን የሚበር ከሆነ ደግሞ ወደ አንዱ ጎን መታጠፍ ከገደል ጋር መላተም ነው፤ መሣሪያው ይህን ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ «እዚያ ተመልከት» ብሎ ይተወዋል፤ ውሳኔው የአብራሪው ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ድክመት ሳይሆን የሠሪዎቹ ማስተዋል ነው። ትእዛዝ የሚሰጥ መሣሪያ ሲኖር የማን ቃል ይሰማ የሚለው ጥያቄ አብሮ እንደሚመጣ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 በጀርመን ዩበርሊንገን ከተማ ሰማይ ላይ የደረሰው አደጋ አሳይቷል። በዚያ ሌሊት ቲካስ ቱፖሌቭ 154 አውሮፕላኑን «ውጣ»፣ ቦይንግ 757ቱን «ውረድ» ሲላቸው፣ የመሬት ተቆጣጣሪው ደግሞ ቱፖሌቩን «ውረድ» አለው፤ ሁለቱም ወረዱ፤ 71 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ አብራሪው የቲካስን ትእዛዝ ከተቆጣጣሪው ቃል ማስቀደም እንዳለበት በማያሻማ ቋንቋ ተደንግጓል።

መሥራት ትችላላችሁ ወይ ላልከው፣ ክፍሎቹን መገጣጠሙ ለእናንተ የሴሚስተር ሥራ ነው፤ ችግሩ ያለው ቋንቋው ላይ ነው። የፍላርም መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት መልእክት በአምራቹ የተመሰጠረ ነው። አምራቹ ለዚህ የግላዊነትና የደኅንነት ምክንያት ያቀርባል፤ የሚነቅፉት ደግሞ ለሕይወት የሚያስፈልግ መረጃ በአንድ ኩባንያ እጅ መዘጋት የለበትም ይላሉ። እኔ ወደ ነቃፊዎቹ አደላለሁ። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ኤዲኤስ-ኤል የተባለ፣ አነስተኛ አውሮፕላኖች ቦታቸውን የሚያውጁበት ክፍት መስፈርት ማውጣቱም ወደዚህ አቅጣጫ የተደረገ እርምጃ ነው። እናንተ የራሳችሁን ቋንቋ ፈጥራችሁ ብትሠሩ፣ መሣሪያችሁ የሚነጋገረው ከራሱ መሰሎች ጋር ብቻ ይሆናል፤ በገበያ መሀል ማንም የማያውቀውን ቋንቋ እንደሚጮህ ሰው ማለት ነው። ከክፍቱ መስፈርት ብትጀምሩ ይሻላል።

አንቴናውን ግን አደራ። ብዙዎች መሣሪያውን ገዝተው፣ አንቴናውን ባገኙት ቦታ ለጥፈው ይተዉታል። የካርቦን ፋይበር አካል የሬዲዮ ሞገድን ይዘጋል፤ ውኃ የሞላው የሰው ገላም ይጋርዳል። በደንብ የተተከለ አንቴና 3 ኪሎ ሜትር ቢያሰማ፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ለሚመጡ ሁለት ግላይደሮች 27 ሰከንድ ይሰጣል። ያው አንቴና ተጋርዶ 500 ሜትር ብቻ ቢሰማ ግን የሚቀረው 4.5 ሰከንድ ነው፤ 12.5ቱን አስታውስ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ የተጋረደ አንቴና በሌላው በኩል ደኅና ስለሚሠራ፣ ባለቤቱ መሣሪያው ጤነኛ ነው ብሎ ማመኑ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርእስ ከፈለግህ፣ አንቴና በየአቅጣጫው ምን ያህል እንደሚሰማ መለካት ከአዲስ መሣሪያ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

አዳዲሶቹ ሞዴሎች የትልልቅ አውሮፕላኖችን ትራንስፖንደርና ኤዲኤስ-ቢ የተባለውን ስርጭትም ያዳምጣሉ። ኤዲኤስ-ቢ ቦታውን ስለሚናገር አቅጣጫው ይታወቃል፤ ቦታውን የማይናገር ተራ ትራንስፖንደር ግን ከድምፁ ጉልበት ርቀቱ ይገመታል እንጂ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። «አንድ ነገር ቀርቧል» ተብሎ ከየት እንደሆነ አለመታወቁ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለአንተ አልነግርህም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረፋድ ላይ ወደ ጅሬን ወጣ ብዬ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሆኜ አሞራዎችን እመለከታለሁ። አሥራ አምስትና ሃያ ሆነው በአንድ ቦታ ይዞራሉ፤ ሲጋጩ ግን አይቼ አላውቅም። ሰው ይህን ሁሉ መሣሪያ ጭኖ ይጋጫል፤ አሞራ ያለ መሣሪያ አይጋጭም። ነገሩ ምንድን ነው?
— የቀድሞ የቡና ነጋዴ፣ ጅማ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጊዜዎን በደኅና ነገር ላይ ነው ያዋሉት። አሞራዎቹ የሚዞሩበት ቦታ ልክ ግላይደሮች የሚፈልጉት ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር ነው፤ አብራሪዎችም አሞራ ሲዞር ካዩ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ መሣሪያቸው ያላገኘውን አየር አሞራው ያሳያቸዋል።

የማይጋጩበት አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ቀርፋፋና ቀላል ናቸው፣ ክንፋቸውን አጥፈው በቅጽበት መንገድ ይለውጣሉ። ግላይደር ግን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ የሚዞር፣ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የክንፍ ርዝመት ያለው ግዙፍ ነገር ነው፤ አብራሪው ካዘዘው በኋላም ለመታጠፍ ጊዜ ይወስዳል። ሌላው ደግሞ ዓይን ነው። የአሞራ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለተቀመጡ ጎኑን ሁሉ ያያል፤ ሰው ከራሱ ክንፍና ከመቀመጫው በታች ያለውን አያይም፤ አንዱ ግላይደር ከሌላው በታች ሆኖ ሲወጣ ሁለቱም የማይተያዩበት ቦታ አለ። መሣሪያው ከሁሉ የሚጠቅመው እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል።

የግላይደር አብራሪዎችም የማይጋጩት በአብዛኛው በመሣሪያ ሳይሆን በሥርዓት ነው። ኋላ የመጣ፣ ቀድሞ የነበረው በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል። የሌላውን መንገድ ሳያሰናክል ከውጭ ገብቶ ይቀላቀላል። በተራራ ጎን ፊት ለፊት ከተገናኙ፣ ተራራው በግራው የሆነበት ወደ ቀኝ ታጥፎ መንገድ ይለቃል፤ ተራራው በቀኙ የሆነበት ገደል ስላለበት መውጫ የለውምና። እነዚህ ደንቦች ከኤሌክትሮኒክስ መምጣት በፊት የነበሩ ናቸው፤ መሣሪያው አልሻራቸውም።

በውድድር ላይ ግን መሣሪያው ያልታሰበ ጠባይ አስተማረ። በማያ ገጹ ላይ ሌላው የት እንዳለና በምን ያህል ፍጥነት እየወጣ እንደሆነ ስለሚታይ፣ አንዳንዱ ራሱ ሞቃት አየር ከመፈለግ ይልቅ የተሻለውን ተወዳዳሪ ተከትሎ ይበር ጀመር። እንዳይጋጩ የተሠራው መሣሪያ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰቡ ረዳቸው ማለት ነው። ለዚህ ሲሉ አንዳንድ ተወዳዳሪዎች የሚያውጁትን መረጃ መቀነስ የሚያስችለውን ምርጫ ይጠቀማሉ። እርስዎ በንግድ ዓለም የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ የጎረቤትን ዋጋ እየሰሙ መሸጥ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በምንመጣበት አውሮፕላን ላይስ ይህ መሣሪያ አለ? አባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ ስናርፍ በመስኮት ወፎች ብዙ ጊዜ እናያለን።
— ተመላላሽ ተጓዥ

መልስ፦ በአጭሩ፣ አለ፤ ይሁንና የግላይደሮቹ ዓይነት ሳይሆን ቲካስ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ ክብደታቸው ከ5,700 ኪሎ ግራም ወይም የመንገደኞቻቸው ቁጥር ከ19 በላይ የሆነ በተርባይን ሞተር የሚበሩ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ይህን መሣሪያ እንዲይዙ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያስገድዳል፤ ወደ ጅማ የሚመጡትም ከዚያ በላይ ናቸው።

ወፎቹ ግን ትራንስፖንደር የላቸውም፤ ስለዚህ ቲካስም ሆነ ፍላርም አያያቸውም። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1988 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737 በመነሻው ላይ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ይህን ዓይነቱን አደጋ የሚከላከለው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለ መሣሪያ ሳይሆን በማረፊያው ዙሪያ ሣሩን የሚያጭደው፣ ቆሻሻውን የሚያነሣውና ወፎቹን የሚያባርረው ሠራተኛ ነው። በሚቀጥለው ጉዞዎ በመስኮት ሲመለከቱ ከወፎቹ ሌላ እርሱንም ይፈልጉት።